አፊ ያስገለጠችን ጉልበት

ጉልበቴ ላይ ሦስት ጠባሳ አለ። ሁለቱ አተር ያካክላሉ፤ ሦስተኛው ጣት የሚያህል ሲሆን ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ በውስጥ በኩል ተጋድሟል። ዛሬ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ሱሪዬን ሰብስቤ አሳያለሁ፤ ላልጠየቀኝም አሳያለሁ። በተጎዳሁ ጊዜ ግን ለሦስት ወር ያህል ይህን ጉልበት ከቤተሰቤና ከወጌሻው በቀር ደህና አድርጎ ያየው ሰው አልነበረም። ራጅ ያነሳው ባለሙያ እንኳ አላየውም። ከደረሰብኝ ጉዳት ግማሹ የመጣው ከኳስ ሜዳ ነው፤ ግማሹን ያመጣነው እኛው ነን፣ በመሸፈን።

አሁን በየወረዳው ኳስ የሚጫወቱ ሴት ልጆች እየበዙ ነው፤ የሚሮጥ እግር ደግሞ አንድ ቀን መጎዳቱ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ እኛ የሠራነውን እንዳትሠሩ ብዬ ነው የምጽፈው። ሌላም ምክንያት አለኝ። አፊ ስለምትባል ሴት መናገር እፈልጋለሁ። በአገሯ ስለ እሷ ምን ያህል እንደተጻፈ አላውቅም፤ በእኛ በኩል ግን እኔ ካልጻፍኩላት የሚጽፍላት የለም።

ስሜ አትጠገብ ነው፤ የሚያውቁኝ አቱ ይሉኛል። ተወልጄ ያደግሁት ከማንኩሳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ በቆሎና በርበሬ ያመርታል። ኳስ የጀመርኩት ፍኖተ ሰላም ስማር ነው። ፈጣን ነበርኩ፤ ይህን ስል አላፍርም፣ ከወንዶቹም የሚቀድመኝ ጥቂት ነበር። በኋላ ባሕር ዳር ያለ አንድ የሴቶች ክለብ ለቀኝ ክንፍ ወሰደኝ፤ አፊን ያገኘኋት እዚያ ነው።

አፊ ከቶጎ የመጣች አጥቂ ናት። በአገሯ ዓርብ የተወለደች ሴት አፊ ትባላለች አሉን። የብሔራዊ ቡድን አምበል ናት ሲባል እኛ የጠበቅነው ቁመቷ በር የሚሞላ ሴት ነበር። የመጣችው ግን አጭር፣ ጭኗ ደንዳና፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ዝምተኛ ሴት ናት። ከሁላችን ቀድማ ሜዳ ትደርስና ሁለቱን ጉልበቶቿን በፕላስተር እየጠቀለለች ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። «ይችን አሮጊት ለምን አመጡብን» ብለን ተሳሳቅን። ልምምድ ሲጀመር ሳቃችን ቀረ። አፊ ብዙ አትሮጥም፤ ኳሱ የሚመጣበትን ቦታ ቀድማ ታውቀዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ቀና ብዬ ሳላይ ማሻማት ጀመርኩ፣ የት እንደምትቆም አውቅ ነበርና። አማርኛዋ ያኔ አራት ቃል ነበር፦ ቶሎ፣ ቀስ፣ እዚህ፣ በቃ። የቀረውን በእጇና እኔ ከትምህርት ቤት ባመጣኋት እንግሊዝኛ እንግባባ ነበር።

የተጎዳሁት በገዛ አገሬ ነው። ክለባችን ለወዳጅነት ጨዋታ ፍኖተ ሰላም መጣ፤ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ወጣ። መምህሮቼ መጡ፣ አክስቶቼ መጡ፣ ከማንኩሳ ጎረቤቶቻችን ተሳፍረው መጡ። እናቴም ስጫወት ልታየኝ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች። በመጀመሪያው አጋማሽ አንዷን ተከላካይ መስመሩ ላይ አልፌ አሻማሁ፤ አፊ በጭንቅላት አገባች። ይህን ጊዜ በአጥሩ በኩል አንድ ባለ ባጃጅ ባጃጁ ላይ ቆሞ፣ «ኧረ ይች ልጅ እግሯ የሰው አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «አንተ፣ በስመ አብ በል እንጂ!» ብላ ተቆጥታው ነበር አሉ፤ በጫጫታው አልሰማትም።

የሰው ነገር ሲደነቅ የሥላሴን ስም አስቀድሞ መጥራት በእኛ ዘንድ ወግ ነው፤ ሳይጠራ ከተደነቀ ዓይን ይገባበታል ይባላል። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ለአንድ ኳስ ዘለልኩ፤ ማንም ሳይነካኝ በቀኝ እግሬ አረፍኩና ዘወር አልኩ። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ የበቆሎ አገዳ ቋ አለ። ሕመሙ ከድምፁ በኋላ ነው የመጣው።

አፊ ሮጣ መጥታ ከኋላዬ ተቀመጠችና ጭንቅላቴን እጭኗ ላይ አደረገችው። «በቃ አቱ፣ በቃ» አለችኝ። ከዚያ ለአሰልጣኙ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ጅማት ነው፣ ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ዛሬውኑ ወደ ባሕር ዳር እንውሰዳት አለች። አሰልጣኙም እሺ አለ። ነገር ግን ዘመዶቼ ሜዳውን ሞልተውት ነበር። የማንኩሳ ልጅ ደጇ ላይ ወድቃ ሌላ ሰው ጭኖ ይውሰዳት? እናቴ፣ «እናንተ ጨዋታችሁን ጨርሱ፤ እኔ ልጄን ወደ ቤቴ እወስዳለሁ» አለች። አራት ጎረምሶች አነሱኝ። በሩ ላይ የነበረው ባጃጅ የዚያ የጮኸው ሰውዬ ነበር፤ እናቴ አየችውና፣ «በዚህስ አልጭናትም» ብላ ሌላ እስኪገኝ እዚያው ፀሐይ ላይ አስቆመችን። ወደ ኋላ ዞር ስል አፊ መሀል ሜዳ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር።

በማግስቱ አያ ሞላ መጡ። አያ ሞላ ወጌሻ ናቸው፤ በአካባቢያችን ስንት የተሰበረ እጅና እግር አቃንተዋል፤ ዛሬም ክፉ አላወራባቸውም። እብጠቱን ጫን ጫን አደረጉና፣ «የጉልበቷ ሎሚ ሸሽታለች፤ ወለምታም አለባት» አሉ። በቅቤ አሹኝ፣ በቀርቀሃ ስንጥር ከጭኔ እስከ ባቴ ጥርቅም አድርገው አሰሩኝና፣ «አርባ ቀን እንዳይፈታ» አሉ።

የእናቴ ትእዛዝ ደግሞ ከዚህ ላይ ተጨመረ፦ እግሬን ማንም እንዳያይ። በስንጥሩ ላይ ሻሽ፣ በሻሹ ላይ ነጠላ፣ በነጠላው ላይ ጋቢ ሆነ። የታመመ ሰው ቤት ጠያቂ አይጠፋም፤ ጠያቂ በገባ ቁጥር እናቴ፣ ገና «እንዴት ናት» ሳይሏት፣ «ደህና ናት፣ ተሽሏታል» እያለች ጋቢውን እስከ አንገቴ ትስበዋለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ «እስቲ እግሯን ልየው» አሉ።

«ምኑን ያዩታል እትዬ፣ ተኝቷል» አለቻቸው።

እትዬ ጥሩነሽም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያ አንቀስቅሰው» ብለው ወጡ። እኔ በጋቢው ውስጥ ሳቄን ያዝኩ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ግማሽ ልቤ እናቴን አምኗት ነበር። ማንም ሳይገፋኝ ነው የወደቅሁት። ሰው ካልጣለኝ ምን ጣለኝ እያልኩ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ እውል ነበር። አፊ ትደውላለች፤ ስልኩ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ የለም። ሲሠራ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማሽን?» ኤምአርአይ ማለቷ ነው፤ ጅማትን የሚያሳየው ማሽን። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እላታለሁ።

አርባ ቀኑ ሊሞላ ሲል አባቴ፣ «እስቲ ለማንኛውም ራጅ ትነሳ» አለና ፍኖተ ሰላም ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። አግዳሚው ወንበር ጢም ብሎ ነበር፤ ግድግዳ ተደግፈን ብዙ ቆየን። ተራችን ሲደርስ ባለሙያው፣ «ይፈታና ይግቡ» አለ።

እናቴ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ «ልጄ፣ እንደታሰረ ቢነሳስ? ራጅ ጨርቅ ያልፍ የለም?» አለችው።

ሰውዬው ሰልፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ደከመው መሰለኝ። «ያልፋል» አለ። ጉልበቴ በስንጥሩና በነጠላው ውስጥ እንዳለ ፎቶ ተነሳ። ውጤቱን ያየው ሐኪም ፊልሙን ወደ መስኮት ቀና አድርጎ፣ «አጥንቷ ደህና ነው፤ ምንም የላትም» አለን። እናቴ ደስ ብሏት መሬቱን ሳመች። እሱ አልዋሸም። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ አጥንትን ካጥንት የሚያያይዘውን ጅማት አያሳይም። ጉልበቴን ገልጦ በእጁ ቢይዘው ኖሮ ግን ነገሩን ያውቀው ነበር። እናቴ ደግሞ አጥንት ደህና ከሆነ የቀረው ዓይን ነው ብላ ጋቢውን ይበልጥ አጠበቀችው።

አርባ ቀኑ ሞልቶ ስንጥሩ ሲፈታ እግሬን አላወቅሁትም። ጭኔ ከግራው ግማሽ ሆኗል፤ ጉልበቴ ሙሉ ለሙሉ አይዘረጋም፣ አይታጠፍም። ቢሆንም በምርኩዝ፣ በኋላም ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመርኩ። ቀጥ ብዬ ስሄድ ደህና ነኝ፤ ዘወር ስል ጉልበቴ ይከዳኛል። አንድ ቀን በጓሮ በርበሬ ተሰጥቶ ሳለ አባቴ ሲጠራኝ ዞር አልኩና በቁሜ በርበሬው መሀል ተዘረርኩ። ሳስነጥስ ሳለቅስ፣ ሳስነጥስ ሳለቅስ አባቴ አነሳኝ። ፊቴን እያጠበ እሱም ያስነጥሳል። ያን ቀን ነው እንደማልጫወት መጠርጠር የጀመርኩት። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ መቼ እንደምድን ነበር፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን መሮጤ ነው። ሮጣ የምታውቅ ልጅ ነበረች እየተባለ የሚወራላት ሴት ልሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ቡሬ ሄድን። አንድ ክሊኒክ ሳይገልጠው ቁርጥማት ነው ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። ሕመሙን ቀነሰው፣ መክዳቱን አልተወውም። ጠበልም ተጠመቅሁ፤ ልቤ አረፈ፣ ጉልበቴ ግን እንደነበረ ነው። የክለቡ ውል የሚያልቅበት ቀን እየቀረበ ነበር። አፊን ደውዬ ልነግራት እፈልግና ስልኩ የለም።

አንድ ቅዳሜ ከማንኩሳ ገበያ የምትመለስ ጎረቤታችን፣ «እንግዳ ይዤላችሁ መጣሁ» እያለች ገባች። ከኋላዋ አፊ ቆማለች። በዚያ ሰሞን የባሕር ዳሩ መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት ሁለት ቀን ይዘጋ ነበር። የተከፈተበትን ቀን ጠብቃ በሚኒባስ ብቻዋን መጥታለች። የማንኩሳ ገበያ ውስጥ ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶዬን እያሳየች፣ «አቱ? አቱ?» እያለች ነው ያገኘችን።

እናቴ እንግዳ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ትረሳለች። ምሳ ቀረበ። ድልኹ ከቡሬ በርበሬ የተሠራ ነው፤ የእኛ ሰው እንኳ ሲቀምሰው ትን ይለዋል። እናቴ ለእንግዳዋ አዝና ድልኹን ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። አፊ ሳበችው፣ ቀመሰችው፣ ጣቷን ላሰችውና፣ «ጨምሪ» አለች። ለእናቴ አንቺ ማለቷ ነው፤ አንቱታ ገና አልገባትም። እናቴ ግን አልከፋትም፣ ሳቀች። ሦስቴ ተጨመረላት። እናቴ አባቴን አይታ፣ «ይችስ የኛው ናት» አለች።

ከተበላ በኋላ አፊ ወደ ጋቢዬ ጠቆመች። «አሳዪኝ።»

«ተይ ልጄ፣ ይቅር» አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

አፊ አልተከራከረችም። የራሷን ቱታ ሁለቱንም እግር እስከ ጭኗ ሰበሰበችና እግሮቿን ወደ እናቴ ዘረጋች። በቀኝ ጉልበቷ ላይ አፉን እንደሰፉት ጆንያ የሚመስል ረጅም ጠባሳ ነበር። የግራው አጠር ያለና የተስተካከለ ነው። እናቴ ቀረብ አለች፣ እጇን ሰደደች፣ መለሰች፣ እንደገና ሰደደችና ረጅሙን ጠባሳ በሌባ ጣቷ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። «ይኸን ማን ሰፋሽ?» አለቻት።

ያን ከሰዓት አፊ ሕይወቷን ነገረችን፤ እኔ በሰባራ እንግሊዝኛዬ እየሰማሁ አስተረጎምኩ። የተወለደችው ሎሜ፣ ባሕሩ ዳር ነው። ኳስ የጀመረችው አሸዋ ላይ፣ ከዓሣ አጥማጆች ልጆች ጋር ነው። እሷና የአክስቷ ልጅ ለሁለት አንድ ጥንድ ታኬታ ነበራቸው፤ ቀኙን አፊ፣ ግራውን የአክስቷ ልጅ አድርገው ይጫወታሉ። ግራ እግሬ እስከ ዛሬ ሰነፍ የሆነው ለዚህ ነው ስትል አባቴ ሳቀ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን ተጠራች። እናቷ ማመን አቅቷት ደብዳቤውን ለጎረቤት አስነብባ ነበር። ከዚያ ድንበር እየተሻገረች በቤኒን፣ በጋና፣ በሞሮኮ ተጫወተች፤ ብሔራዊ ቡድኑ በጠራት ቁጥር ግን በአውቶቡስም ቢሆን ትመለሳለች።

ቀኝ ጉልበቷ የተበጠሰው ጋና ሳለች ነው። ያኔ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል ብላ ለማንም አልተናገረችም። በረጅም ካልሲና በፕላስተር ሸፍናው አራት ወር ተጫወተች። ጉልበቷ ባዶ ጎል ፊት ለፊት ከዳት፤ ሲከፍቱት ውስጡ ሁሉ ተበላሽቶ ነበርና ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባት። ስትመለስ ብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ተቀያሪ አደረጓት። ከሁሉ ቀድማ እየመጣች፣ ከሁሉ በኋላ እየሄደች ቦታዋን ብቻ ሳይሆን የአምበልነቱን ጨርቅ ጭምር ወሰደች። ግራው ሲበጠስ ግን እዚያው መሬት ላይ እንደተኛች፣ «ተበጥሷል፤ ውሰዱኝ» አለች። በዘጠኝ ወር ተመለሰች።

እናቴ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ የጠየቀችው እንዴት እንደማስተረጉመው ያስቸገረኝን ነገር ነው። «ይኸን ያህል ሰው እያየሽ ስትጫወቺ ዓይን አያስፈራሽም?»

ዓይን ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። አፊ ሲገባት ራሷን ነቀነቀች፤ በእሷ አገርም የሚፈሩት አሉ አለች። ቀኝ ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ፣ «ይኼ፣ ሰው አላየም» አለች፤ ግራውን ደግሞ፣ «ይኼ፣ ሰው አየ።» እናቴ ሁለቱን ጠባሳ እያፈራረቀች አየች። ከመቀመጫዋ ተነሳችና ጋቢውን በገዛ እጇ አነሳችልኝ።

አፊ ጉልበቴን አጠፍ አድርጋ ባቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደ ፊት ወጣ። የግራውን ሳበችው፤ ንቅንቅ አላለም። «እዪ፣ እማማ» አለች። እናቴ አየች። አባቴ ወደ ውጭ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ።

ባሕር ዳር ለመድረስ መንገዱ እስኪከፈት ደግሞ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ኤምአርአይ ተነሳሁ። ሐኪሙ ጉልበቴን ገልጦ በእጁ ከመረመረ በኋላ ምስሉን አሳየን፤ የፊተኛው ጅማት ሙሉ ለሙሉ ተበጥሷል፣ በሁለቱ አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ የምትቀመጠው ነገር ደግሞ ጫፏ ተቀዷል። «ትራሷ የተቀደደችው በኋላ፣ ጉልበቱ ሲከዳት ይመስለኛል» አለ። እናቴ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ አየት አድርጓት፣ «እማማ፣ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ እርስዎ ግን አምጥተዋታል» አላት። ይህን ሰው መቼም አልረሳውም።

በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል አፊ ልምምድ በሌላት ሰዓት እየመጣች ከእናቴ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አትሰማም፤ እናቴ ስለ በርበሬ ታወራታለች፣ አፊ እሺ እሺ ትላለች። እጃቸው የተሰበረ አንድ የመራዊ ገበሬ ተራቸው ደርሶ ሳለ፣ «እናንተ ግቡ፤ እኔ እህሌን ሰብስቤያለሁ፣ የእሷ እግር ግን ገና ሥራ አለበት» ብለው አሳለፉን። ለሕክምናው ክለቡ አገዘ፣ የቀረውን አባቴና ዘመድ ተባብሮ ቻለው። ከጭኔ ጀርባ ጅማት ወስደው በተበጠሰው ቦታ ተከሉልኝ። ከማደንዘዣው ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት የአፊን ፊት ነው። «ዘጠኝ ወር» አለችኝ፣ ዘጠኝ ጣቷን አሳይታ። ሌላ ሰው አይዞሽ ይላል፤ እሷ ሥራ ነው የሰጠችኝ።

ቀዶ ጥገናው ቀላሉ ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ነው፤ የተሰፋን ጉልበት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠፍ። ፍኖተ ሰላም ሰብለ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አገኘን፤ በእንቅስቃሴ የምታክም ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን መመላለስ ግን በምን? ይህን ስናስብ አንድ ሰው አጥራችን ጋ መጥቶ ቆመ። ያ ባለ ባጃጅ ነው። ስሙ ሙላት ነው፤ የልጆች አባት ነው፤ ብርቱካን በፌስታል ይዟል። ከአጥሩ አላለፈም።

«እናቴ፣ ክፉ አስቤ አይደለም» አላት፣ «ደስታ ይዞኝ በስመ አብ ማለቱ ጠፍቶኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ላመላልሳት፤ የነዳጁን ብቻ ስጡኝ።»

እናቴ እሺ አለች፣ ግን በአንድ ነገር፦ የውስጡ መስታወት ወደ ላይ እንዲዞር። ለአፊ የገለጠችውን ለሁሉም አልገለጠችም ነበር። ሙላት ወራቱን ሁሉ ጣሪያውን እያሳየ በሚሄድ መስታወት አመላለሰኝ። አንድ ቀን ትራፊክ አቁሞ ስለ መስታወቱ ቢጠይቀው፣ «የእናት ትእዛዝ ነው» አለው፤ ትራፊኩም ወደ ውስጥ አይቶ እናቴን ሲያገኛት ለቀቀን።

ቤት ስሠራ እናቴ በሩን ዘግታ ትቆጥርልኛለች። እኔ ትራስ ነክሼ አጥፋለሁ፣ እሷ ፊቷን አዙራ ትቆጥራለች፤ እንባዋን እንዳላይ ነው። አፊ በየቀኑ የጉልበቴን ፎቶ ትጠይቃለች። ፎቶ ማንሳቱ የእናቴ ሥራ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ የራሷ አውራ ጣት ናቸው፤ አፊ ለእያንዳንዱ፣ «ጎበዝ ጣት» እያለች በድምፅ ትመልስ ነበር። ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመጣ የእሷ መልእክት በአንዴ አሥርም አሥራ አንድም ሆኖ ይገባል። እናቴ አንዱንም ሳታስቀር ታስከፍተኛለች።

በሰባተኛው ወር አፊ ለአገሯ የመጨረሻ ጨዋታዋን ተጫወተች። በሰብለ ክፍል ውስጥ፣ የሙላትን ስልክ ወንበር ላይ አስደግፈን አየነው። ወገቡን የሚታከመውም፣ ክንዷን የምታሠራውም ከበበን። አፊ ተቀይራ የገባችው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ስትገባ የአምበልነቱን ጨርቅ አሰሩላት። ካልሲዋን ዝቅ አድርጋለች፤ ጠባሳው ከሩቅ ይታያል። ጎል አላገባችም። አንዴ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ኳሱን አስጥላ ለአንዲት ልጅ አቀበለች፣ ልጅቱ አገባች። ፊሽካው ሲነፋ የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዷ ፈትታ ለዚያች ልጅ አሰረችላት። አንድ ሽማግሌ፣ «የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁ።

«የኔ እንግዳ ናት» አለች እናቴ፣ «ቤቴ ድልኽ በልታለች።»

እኔ አለቀስኩ። ብዙ ጎበዝ ተጫዋች አይቻለሁ። ሁለቴ ተሰብሮ፣ ሁለቴ ተመልሶ፣ ያወቀውን እስከ ማንኩሳ ገበያ ድረስ ይዞ የሚመጣ ግን አላየሁም።

ዘጠኝ ወር ያለችው በእኔ አሥራ አንድ ሆነ። ክለቡ ታገሰኝ። የመጀመሪያ ጨዋታዬን እዚያው ፍኖተ ሰላም ተጫወትኩ፣ ሃያ ደቂቃ። ኳስ ይዤ በመስመሩ ስወጣ ሙላት ባጃጁ ላይ ቆመና በሙሉ ድምፁ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!» አለ። ሜዳው ዝም ሲልለት፣ «ኧረ ይች ልጅ!» ብሎ ጨመረ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው እናቴ ናት። እንደ ድሮው ፈጣን አይደለሁም፤ ግማሽ እርምጃ ቀርቶብኛል። ያቺን ግማሽ እርምጃ አፊ እንደምታደርገው ቀድሜ በማሰብ ለመሙላት እየሞከርኩ ነው። እሷ አሁን ሎሜ ውስጥ ሴት ልጆች ታሰለጥናለች።

ከእኔ የምትወስዱት ይህን ነው። ጉልበታችሁ ድምፅ ካሰማ፣ በዚያው ቀን ካበጠ፣ ዘወር ስትሉ ከከዳችሁ፣ ራጁ ንጹሕ ነው ስለተባለ አትመለሱ። ለአርባ ቀን አታስሩት። ገልጦ በእጁ የሚይዝላችሁን ሐኪም ፈልጉ።

ባለፈው ወር አገሬ ሄጄ ሳለ አንዲት የቡሬ ሴት ልጇን ይዛ ቤታችን መጣች። ስለ እኔ ገበያ ውስጥ ሰምታ ነው። ልጅቱ የትምህርት ቤቷ ግብ ጠባቂ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እግሯ በስንጥር ታስሯል፣ በስንጥሩ ላይ ነጠላ ተደርቧል። ሴትዮዋ ገና ሳትቀመጥ፣ «ደህና ናት፣ ትንሽ ወለም ብሏት ነው» እያለች ነጠላውን ሳብ ሳብ አደረገችው።

እናቴ የሰማችው የራሷን ቃል ነው። ወደ እኔ ዞራ፣ «ሱሪሽን ሰብስቢ» አለችኝ። ሰበሰብኩ። የሴትዮዋን እጅ ያዘችና ጣቷን ጠባሳዬ ላይ አሳረፈችው፤ ከላይ እስከ ታች ይዛ አስኬደችው። ከዚያ ልጅቱ ፊት ተንበረከከችና ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። ሴትዮዋ፣ «ኧረ በሩስ፣ መንገደኛ ያይ የለም?» አለች በፍርሃት።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናቴ ተነሳች። ወራቱን ሁሉ ስትቆጥርልኝ ትዘጋው የነበረውን ያን በር ወለል አድርጋ ከፈተችውና ተመልሳ ተንበረከከች። «ብርሃን ይግባ» አለች፣ «ደህና አድርገን እንየው።»